ወድቆ ተኮሰ የተባለው ሽጉጥ

ሰውየው ከባሕር ዳር የመጣው የአባቴን ሽጉጥ ሊገዛ ነበር። ወንድሜ ግን ደውሎ የነገረኝ ስለ መሬት ነው። «የውርሱ ጉዳይ ያንቺን ፊርማ ይፈልጋል፤ ነገ ቁሐር ነይ» አለና ዘጋው። ድሮ እታለም እያለ ነበር የሚጠራኝ። አባታችን ከተቀበረ ወዲህ አንቺ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። እኔም አያ ማለቱን ተውኩት።

ወረታ ላይ ሩዝ መፈልፈያ አለኝ። አዝመራው ገብቶ ገበሬው ጆንያውን በጋሪ እየጫነ ደጄ ላይ የሚሰለፍበት ወቅት ስለነበር ሥራዬን ለሠራተኛ ጥዬ መሄዱ አናዶኛል። በባጃጅ ቁሐር ሚካኤል ስደርስ ወንድሜ በር ላይ ጎማው ጭቃ ያልነካው ነጭ መኪና ቆሟል። ገና እሱን ሳይ የመሬት ጉዳይ እንዳልሆነ ገባኝ።

እቤት ስገባ አንድ ጠና ያለ ሰው በመነጽሩ ላይ ሌላ ማጉያ መነጽር ደርቦ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ የአባቴ ሽጉጥ ተጋድሟል። ወንድሜ ከአጠገቡ ቆሞ እንደ አስተናጋጅ እጁን አጣምሯል። «እኅቴ ናት» አለ፣ እኔን ሳያይ። ሰውየው ቀና ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝና ወዲያው ወደ ብረቱ ተመለሰ።

ሽጉጡን በእኛ አገር የማያውቀው የለም። ስድስት ጎራሽ ነው፤ አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ እጀታው የዝሆን ጥርስ፣ ጎኑ ላይ የሐረግ ቅርጽ የተጠረበበት። ከሐረጉ መሐል የአንድ ባላባት ስም የመጀመሪያ ፊደላት አሉ። አያቴ የዚያ ባላባት በቅሎ ጠባቂ ነበር፤ ጌታው ሲያረጁ ሽጉጡን ለእሱ ሸለሙት ይባላል። ከአያቴ ወደ አባቴ ወረደ። አባቴ በሚካኤል ንግሥ ቀን በጥቁር ቆዳ አፎት አድርጎ ወገቡ ላይ ይታጠቀው ነበር። ሰው ሲያየው መንገድ ይለቅለታል። ልጅ ሳለሁ የሚለቁለት ስለሚያከብሩት ይመስለኝ ነበር።

ገዥው ጡረታ የወጣ ሥራ ተቋራጭ መሆኑን ነገረኝ። ቤቱ ውስጥ በመስታወት ቁም ሣጥን የደረደራቸው አሮጌ ሽጉጦች አሉት፤ ለሁሉም ፈቃድ አውጥቷል። ማንኛውንም አይገዛም። ከፋብሪካ በጅምላ የወጣውን ዞር ብሎ አያየውም፤ የሚፈልገው ለአንድ ሰው ተብሎ በትእዛዝ የተሠራውን ብቻ ነው። «ልብስ ሰፊ ልክ ወስዶ እንደሚሰፋው በሉት» አለ። ስለ ብረቱ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ስለ ዋጋ ሲያወራ ግን ይደርቃል። ወንድሜ ከፍ ያለ ዋጋ ሲጠራበት እጀታው ላይ ያለችውን እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አሳየው፤ አንዱ ጠመዝማዛ ብሎን ኋላ የተተካ መሆኑን አሳየው፤ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዝገት የበላውን አሳየው። ነውሩን ሁሉ ቆጥሮ ሲያበቃ ደግሞ ካልገዛሁት አልሄድም የሚል ፊት ነበረው። ወንድሜ ይህንን አይቶ ከዋጋው ንቅንቅ አላለም።

እኔ የተናደድኩት በሌላ ነው። ለመሸጥ ተስማምተው ጨርሰው እኔን የጠሩኝ ለፊርማ ነው። አባታችን ኑዛዜ ስላልተወ ሽጉጡ የሁለታችን ነው፤ ፈቃዱም ወደ ገዥው የሚዛወረው ሁለታችን ስንፈርም ብቻ ነው። ወንድሜ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እዚህ ጋ» አለኝ። ለመፈረም ያልቸኮልኩት እሱን ለማበሳጨት ብቻ ነበር። ጊዜ ለመግዛት ብዬ ሰውየውን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ በትእዛዝ የተሠራ መሆኑን በምን አወቁ አልኩት።

ደስ አለው። ሽጉጡን አነሳና ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን ካሳየኝ በኋላ ያስረዳኝ ጀመር። ይህ ዓይነቱ ሽጉጥ ምላጩን በመሳብ ብቻ አይተኩስም። በየጥይቱ ከኋላ ያለችውን መምቻ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ጎትቶ ማቆም ግድ ነው፤ ምላጩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ተኩሶ ሌላ ለመድገም እንደገና መጎተት ነው። እያወራ መምቻዋን ጎትቶ አሳየኝ፤ ቀጭን ድምፅ አሰማች።

«ይህ የሁሉም ነው» አለ። «የዚህ ልዩነቱ ግን እዚህ ጋ ነው። ይህቺ ትንሽ ብረት አትታይዎትም? መምቻዋ ካልተጎተተች በስተቀር ጥይቱን እንዳትነካ መሐል ገብታ ታግዳለች። በዚያ ዘመን በተራው ሽጉጥ ላይ ይህ የለም። ተራው ጥይት ጎርሶ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። ባላባቱ በበቅሎ የሚሄዱ ሰው ስለሆኑ ይመስለኛል፣ ቢወድቅ እንዳይተኩስ አድርጋችሁ ሥሩልኝ ብለው ነው ያዘዙት።»

«ቢወድቅ አይተኩስም?» አልኩት።

«ከገደል ቢወረውሩትም አይተኩስም።»

ወንድሜን አየሁት። እጁን ከደረቱ አውርዶ ጠረጴዛውን ይዟል። ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ሰጠሁትና ሳልፈርም ወጣሁ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ፎገራ ሜዳ ላይ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ጣናም ገፍቶ እርሻውን ይውጠዋል። ውኃው ሲመለስ የሚገለጠውን መሬት ባሕር ሸሽ እንለዋለን። ጭቃው ለም ነው፤ ነገር ግን ድንበር የሚባል አይተርፍበትም። ችካሉም፣ የድንጋይ ክምሩም፣ ቦዩም በደለል ይቀበራል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም አልፎ መሬቱ ሲጠነክር ጎረቤት ከጎረቤት ገመድ ይዞ ይወጣል፤ በየዓመቱም ይጣላል። እኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባሁ ልጅ ሳለሁ አባቴ ከአንድ ጎረቤት ጋር በዚህ ተጣላ። የጎረቤቱ ልጅ ዲያቆን ነበር። ዜማ ጨርሶ፣ ቅዳሴ ተምሮ፣ ሚስት ታጭታለት፣ ለቅስና የሚዘጋጅ። አባቱ ገመዱን ሲይዝ እሱ ተንበርክኮ በቀኝ እጁ ችካሉን ደግፎ ነበር። ሽጉጡ ጮኸ፤ ጥይቱ የዲያቆኑን ሁለት ጣቶች ከሥራቸው ወሰዳቸው።

አባቴ ከቀበቶዬ ወድቆ ነው የተኮሰው አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ተያዘ። አባቴ በቁሐር ሚካኤል ደጅ መስቀል ይዞ ማለ። ሽማግሌዎቹ ሳያስበው የደረሰ አደጋ ነው ብለው ፈረዱ፤ በሬ ካሰ፣ የሐኪም ቤቱን ቻለ፣ ታረቁ። ዲያቆኑ ግን አካሉ ጎድሎ መቀሰስ አይችልምና ያ ሁሉ ትምህርት በዚያ ቀረ። የታጨችለትን ልጅ ቤተሰቦቿ ለሌላ ዳሩ። እሱ የዜማ መምህር ሆኖ እዚያው ደብር ቀረ፤ ዛሬ የኔታ የሚባሉት እሳቸው ናቸው።

እኔ ያደግሁት በዚህ ነገር እየተጣላሁ ነው። ትምህርት ቤት ልጆቹ «የቆራጩ ልጅ» ይሉኝ ነበር። ወድቆ ነው የተኮሰው እያልኩ ተደባድቤያለሁ፣ ፀጉሬ ተነጭቷል። አንዷን ልጅ ፊቷን ቧጭሬ ከትምህርት ቤት ተባርሬ አውቃለሁ። ማታ ለአባቴ ስነግረው ራሴን ዳሰሰና «የኔ አንበሳ» አለኝ። ያን ቀን ከሁሉም ቀን ይበልጥ ወደድኩት። አሁን ያንን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

ወንድሜ ሳልፈርም በሄድኩ ማግስት መፈልፈያው ድረስ መጣ። ገበሬው ፊት ላለመናገር ወደ ጓዳው ገባን። ቆሞ ነው የተናገረው። ሟችን ከመቃብር ማውጣት ነው የያዝሽው አለኝ። የሰውየው ወሬ ለንግድ ነው፣ ብረት ሻጭና ብረት ገዥ የማይለው የለም አለኝ። እኔ ደግሞ የሚገዛ ሰው ዋጋ የሚያስወድድ ነገር ለሻጭ አይነግርም አልኩት። ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። ያኔ አንድ ነገር ጠረጠርኩና በቀጥታ ጠየቅሁት፤ አንተ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት።

«በየዓመቱ ዘይት የምቀባው እኔ አልነበርኩም?» አለ። «ስንት ጊዜ እንደጎረሰ ከእጄ ወድቋል፤ አንዴም አልተኮሰም።»

በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም። እኔ ስለ አባታችን ስደባደብ፣ ፀጉሬ ሲነጭ፣ እሱ ከአጥር ሥር ቆሞ ያይ ነበር። ያን ጊዜ ፈሪ ይመስለኝ ነበር። ውጣ አልኩት። ሲወጣ ደጅ ለቆሙት ገበሬዎች የእኅቴ ማሽን ሩዝ ይሰብራል ብሎ ሄደ።

ወሬ በእኛ አገር ከባጃጅ ይፈጥናል። ብዙም ሳይቆይ የኔታ ራሳቸው መጡ። ከቁሐር ወረታ ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት። መፈልፈያው ብናኝ በብናኝ ስለሆነ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ደጅ ቆሙ። ቀኝ እጃቸው እንደ ሁልጊዜው ከጋቢያቸው ሥር ነው። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ አልተቀመጡም። ውኃ አመጣሁ፤ አልጠጡም።

«ብረቱን ትሸጣላችሁ አሉ» አሉኝ።

«ወንድሜ ሊሸጠው ይፈልጋል፣ የኔታ።»

«እኔ እገዛዋለሁ።»

ደነገጥኩ። ምን ያደርጉበታል አልኩ በልቤ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ሽጉጡ ግማሹ የእኔ ነው፣ ወንድሜን አስፈቅጄ እንዲሁ እሰጥዎታለሁ አልኳቸው። ልክ ጥፊ እንደ መታኋቸው ሆኑ።

«ከእናንተ ቤት ስጦታ?» አሉ። «በሬውን የተቀበለው አባቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሥጋውን አልበላሁም። ገዝቼ በገንዘቤ ወስጄ፣ ከጣና እጥለዋለሁ። ልጆቼ ያንን ብረት በሚካኤል ቀን በማንም ወገብ ላይ እንዳያዩት ነው።»

ባሕር ዳር ያለው ሰው የሚከፍለውን እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ቢያስተምሩ እንደማያገኙት አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም ዋጋውን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ያኔ ገዥው ስለዚያች ትንሽ ብረት ያስረዳኝን ነገርኳቸው። ስናገር ያለቅሳሉ ወይም እግዚአብሔርን ያመሰግናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ሞኝነቴ ነው።

«ይህን ለእኔ ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ። «ተንበርክኬ ቀና ስል አውራ ጣቱን አይቻለሁ። ሲጎትት አይቻለሁ። ያን ዕለትም ተናግሬያለሁ። ልጅ ነው፣ ደንግጦ ነው አሉኝ። የአባትሽን መሐላ ሰሙ፣ የእኔን ዓይን ናቁ።»

ከዚያ ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። ይህን የምታውቂ ከሆነ አስቀድሜ ለማውቀው ለእኔ አትንገሪኝ፤ ላላመኑኝ ንገሪያቸው አሉና ሄዱ። ያኔ ከፈረዱት ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉት አንድ ብቻ ናቸው። አቅማቸው የደከመ ቢሆንም በሚካኤል ቀን ከቅዳሴ አይቀሩም።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ማለት ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ ግን የማደርገውን አውቄ ነበር። ለገዥው ደወልኩለት። እፈርማለሁ፣ ግን አስቀድሞ በሚካኤል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሽጉጡ ሲወድቅ እንደማይተኩስ ያሳዩልኝ አልኩት። ምክንያቱንም አልደበቅሁትም። ሲመልስልኝ ድምፁ ያው ስለ ብረት ሲያወራ የሚለሰልሰው ድምፅ ነበር። ታሪክ ያለው ሽጉጥ ብርቅ ነው አለኝ። የተጎዳው ሰው በሕይወት አለ ወይ፣ እጁን ፎቶ ማንሳት ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። መልሶ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ እመጣለሁ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላሁት፤ ግን አስፈለገኝ።

ወንድሜ መስማማቱን የነገረኝ በሚስቱ በኩል ነው። ለመስኖ ሞተር ሊገዛበት ያሰበውን ገንዘብ ማጣት አልፈለገም።

በዕለቱ ቅዳሴ ሲወጣ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ገዥው ለፖሊስ አስታውቆ ስለነበር አንድ ፖሊስም ቆሟል። ሽማግሌው በልጅ ልጃቸው ተደግፈው መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የኔታ ከሰው ተለይተው ራቅ ብለው ቆሙ። ወንድሜ ሽጉጡን ከአፎቱ አውጥቶ ለገዥው ሲሰጥ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ።

ገዥው እርሳሱና ባሩዱ የወጣለት ቀለህ ይዞ ነበር የመጣው፤ ሲመታ የምትፈነዳዋ የኋላዋ መለኮሻ ብቻ ቀርታለታለች፤ ሰው አትጎዳም፣ ግን ትጮኻለች። ይህን ለሁሉም ካስረዳ በኋላ አጎረሰው። መምቻዋ የምትመታው ጉድጓድ እሱ መሆኑን ለፖሊሱ አሳየው። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስመጥቶ ከወገቡ ላይ ለቀቀው። ብረቱ ድንጋዩን መታና ተንከባለለ። ምንም የለም። አንስቶ በጎኑ ጣለው። በእጀታው ጣለው። በመምቻው ጣለው። በየጊዜው የሚሰማው የብረትና የድንጋይ ድምፅ ብቻ ነው። የዝሆን ጥርሱ ጥግ ተሸርፎ ገዥው ፊቱ ሲጨማደድ አየሁ፤ ያም ደስ አለኝ።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ያኔ ሽጉጡን አንስቶ አፈሙዙን ወደ መሬት አደረገና በአውራ ጣቱ መምቻዋን ጎተተ። ያቺ ቀጭን ድምፅ ለሁሉም ተሰማች። ምላጩን ሳበ፤ ጮኸ። ከዋርካው ላይ ወፎች ተነሡ።

ማንም ሳይናገር እኔ ተናገርኩ። አባቴ በዚህ ደጅ የማለው በሐሰት ነው አልኩ። ያልኩት ይኸው ነው፤ ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ ሁሉም ጠፋኝ። ወንድሜ መሬት ላይ ተፋ።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ሰው ለመስማት ተጠጋ።

«ይህን ለማሳየት ያን ሁሉ መንገድ መጡ?» አሉ ገዥውን። «እኛ ያኔም አውቀናል።»

መጀመሪያ የተረዳቸው ሰው አልነበረም። ደገሙት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቀድሞ ወታደር ስለነበር ሽጉጡን ያን ዕለት አይቶ ነግሯቸዋል። አስቦ ተኮሰ ብለው ቢፈርዱ የልጁ ወንድሞች ደም ይፈልጋሉ፣ የእኛም ወገን ይመልሳል፣ ሜዳው ሬሳ በሬሳ ይሆናል። ስለዚህ የአባቴን መሐላ ተቀብለው ነገሩን በበሬ ዘጉት። በሁለት ጣት የስንት ሰው ነፍስ ተረፈ፣ አሁንም ቢሆን እንዲያው እፈርዳለሁ አሉ። ሲናገሩ የኔታን አንዴም አላዩዋቸውም።

የኔታ ሰውን ከፍለው መጡ። ከሽማግሌው ፊት ሲደርሱ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡት። ያን እጅ ተገልጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ለስላሳ ነው፤ የቀሩት ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈዋል። ፊታቸው ላይ ዘረጉላቸው።

«ብትነግሩኝ ኖሮ እሸከመው ነበር» አሉ። «ስለ ሰላም ዝም በል ብትሉኝ ዝም እል ነበር። እናንተ ግን ውሸታም አላችሁኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ዓይኔን ስጠራጠር ኖርኩ።»

የኔታ እጃቸውን መልሰው ሸፈኑ። ወንድሜ፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አይገባኝም፣ ሽጉጡን ከገዥው ተቀብሎ ወደሳቸው ዘረጋና «እንግዲህ ይግዙት፤ ዋጋውን እቀንሳለሁ» አላቸው። ማላገጥ ይሁን ማፈር ከድምፁ አይለይም ነበር። የኔታ ብረቱን አዩት፣ እሱን አዩት።

«ሸክሙ ከእናንተው ጋር ይቆይ» ብለው ወደ ቅጽሩ ገቡ።

እኔ የገዥው መኪና መከለያ ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ፈረምኩ። ሽጉጡ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሣጥን ገባ። ገዥው ሲሰናበተን ከሽጉጡ ጋር የሚቀመጥ አጭር ጽሑፍ ብትጽፊልኝ፣ የተፈጸመውን ሁሉ፣ ዋጋ እጨምራለሁ አለኝ። የአባቴን ውርደት ከመስታወት ሥር ደርድሮ ለእንግዳ ሊያስነብብ ነው። አይሆንም አልኩት። በሚቀጥሉት ሳምንታትም ደወለ፤ ቁጥሩን ዘጋሁት።

ወንድሜ በዚያው ቀን፣ ዘመድ እየሰማ፣ እኅት የለኝም አለ። ሞተሩን ገዛ። ውኃው ሩዙ ላይ ሲፈስ ከመንገድ አየዋለሁ፤ ቆሞ ያየኛል፣ ዞር ይላል። የአባቴ ወገኖች ሩዛቸውን ወደ ሌላ መፈልፈያ መውሰድ ጀመሩ። አንዷ አክስቴ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ አባትሽ ይህንን ከማየት መሞቱ በጀው አለችኝ። የየኔታ ወገኖች ደግሞ እንደበፊቱ አይመጡም፤ ስለ እነሱ ብዬ ያደረግሁት ይመስል ውለታ የተጫነባቸው ያህል ይሸሹኛል። ከሁለቱም ወገን ወጣሁ። አባቴን ለመጥላት ሞክሬያለሁ፤ ሙሉ በሙሉ አልሆነልኝም። «የኔ አንበሳ» ያለኝን ግን ይቅር አላልኩትም። ያንን ሲለኝ እውነቱን ያውቅ ነበር።

በዚህ ዓመት ጉልበቴን አሞኝ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄድኩ። ወረፋ ስጠብቅ የኔታ ከመታጠቢያው ሲወጡ ተገናኘን። እጃቸውን ሊዘፈዝፉ ይመጣሉ አሉ፤ በብርድ ጊዜ የሌሉት ጣቶች ያሟቸዋል። እጅ ነሣኋቸው። በራሳቸው መለሱልኝ። አልፈው ሄዱ ብዬ ሳስብ ቆሙ።

«ብረቱ ባሕር ዳር ነው ያለው?» አሉኝ።

«ባሕር ዳር ነው፣ የኔታ። በመስታወት ውስጥ።»

«ሰው ያየዋል?»

«እንግዳ ሲመጣ ያሳያል ይባላል።»

ቅር ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስለ እጄ ይነግራቸዋል?»

ሰውየው ጽሑፍ እንድጽፍለት ጠይቆኝ እንደነበር፣ እንቢ እንዳልኩትም ነገርኳቸው። ለእሳቸውም ክብር ብዬ ያደረግሁት መስሎኝ ነበር፤ ሊያመሰግኑኝ ይችላሉ ብዬም አሰብኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

«አሁንም የምትደብቂው የእናንተን ነው» አሉኝ። «ጻፊለት። ስሜን ተዪው፤ አባትሽ ያደረገውን ጻፊ።»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ተራዬ ደርሶ ሴቶቹ ግቢ ሲሉኝ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ለቀቅ አለኝ። ስወጣ እሳቸው በቁሐር መንገድ ራቅ ብለው ይታዩ ነበር፤ የምሳፈርበት ባጃጅ እንዲቆምላቸው ላድርግ ወይ ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ከእኔ ጋር አይሳፈሩም።